የጓያን መርዝ የሚሠራው ኢንዛይም ሲኩዌንስ ኬሚካል ዳታቤዝ ውስጥ አጣሁት፤ የት ነው የሚፈለገው?

የጂሩ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ሆኜ በባዮኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ጓያ ነው። ትውልዴ እነዋሪ አካባቢ ስለሆነ ጓያን የማውቀው ከቤት ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ውሃው ከመረሬው አፈር ላይ ሸሸት ሲል ይዘራል፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ ባይመጣም በቀረችው እርጥበት ይደርሳል። ሌላው እህል በከሸፈበት ዓመት ጎተራ የሚገባው እሱ ነው። ጉዳቱም የሚመጣው እንዲህ ባለው ዓመት ነው። የአያቴ ታላቅ ወንድም እኛ ልጆች ሳለን በሁለት ምርኩዝ ነበር የሚሄዱት። በአንድ ክፉ ዓመት ለወራት ጓያ ብቻ ተበልቶ እግራቸውን እንደያዛቸው ይነገረናል። እስኪሞቱ ድረስ አልተሻላቸውም።

ወደ ጥያቄዬ ልግባ። መርዙ ኦዳፕ የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ነው። ፐብኬም በሚባለው ነፃ የኬሚካል ዳታቤዝ ላይ ስሙን ስጽፍ ወዲያው መጣልኝ፤ ሥዕሉ፣ ክብደቱ፣ ሌሎች ስሞቹ ሁሉ አሉ። እኔ ግን የምፈልገው ኦዳፕን ተክሉ ውስጥ የሚሠራውን ኢንዛይም ነው፤ የአሚኖ አሲዶቹን ቅደም ተከተልና የጂኑን ሲኩዌንስ። «ኦዳፕ ሲንቴዝ» ብዬ ኬሚካሎቹ ውስጥ ፈለግሁ፣ የለም። የመርዙን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ የኢንዛይም ሲኩዌንስ የለበትም። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ካስ የሚባለው የኬሚካል መዝገብ ውስጥ ሚሊዮን ሲኩዌንስ አለ» አለኝ፤ እሱ በክፍያ ነው፣ እኛ ጋ የለም። ጂንባንክ (የጂን ሲኩዌንሶች መዝገብ) ገብቼ የአተርን አንድ ፕሮቲን ወስጄ ጓያ ላይ ብላስት (ሲኩዌንስን ከሲኩዌንስ የሚያመሳክረው መሣሪያ) አደረግሁ፤ የረባ ነገር አላገኘሁም። መብራቱም እየሄደ እየመጣ ሁለት ቀን እዚህ ላይ ነኝ።

ለመሆኑ ሲኩዌንስ በእርግጥ ኬሚካል ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል? ከገባስ በምን ተብሎ ነው የሚፈለገው? ሳይከፈል የሚገኝበት መንገድ ካለም ንገሩኝ።


በረኸት 27፦

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም የዛሬ አራት ዓመት እዚሁ ላይ ቆሜ ነበር። ጥያቄሽ ውስጥ ሦስት ነገር ተደባልቋል፤ ሞለኪውሉ፣ ኢንዛይሙ፣ ጂኑ። የየራሳቸው ቤት አላቸው። ፐብኬም በዋነኛነት የትንንሽ ሞለኪውሎች ቤት ነው። የጂንና የፕሮቲን ገጾችም አሉት፤ ግን እነሱ ሞለኪውሉ የትኛው ፕሮቲን ላይ እንደተሞከረ ለማገናኘት የተሠሩ ናቸው፤ የጓያን ኢንዛይም ሲኩዌንስ ከዚያ አትጠብቂ። የፕሮቲኑ ቤት ዩኒፕሮት ነው። የጂኑ ቤት ጂንባንክ ነው፤ ከአውሮፓውና ከጃፓኑ መዝገብ ጋር በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ከሦስቱ አንዱን ማየት ይበቃል።

አንቺን ያስቸገረሽ ከሞለኪውሉ ወደ ኢንዛይሙ መሻገሪያው ነው። በስም አትሻገሪ። የኢንዛይም ስም ማንም እንደፈለገ ይጽፈዋል። የምትሻገሪው በሪአክሽኑ ነው። ኦዳፕ እንዴት ነው የሚሠራው? ዳያሚኖፕሮፒዮኒክ አሲድ የሚባል ትንሽ አሚኖ አሲድ አለ፣ ኦክሳሊል-ኮኤ ደግሞ የኦክሳሊሉን ክፍል ይሰጠዋል፣ ሁለቱን የሚያጋጥመው ኢንዛይም ነው የአንቺ ተፈላጊ። ሪያ የሚባል የስዊዘርላንድ ባዮኢንፎርማቲክስ ኢንስቲትዩት የሚያዘጋጀው ነፃ የሪአክሽን መዝገብ አለ። እያንዳንዱ ሪአክሽን ውስጥ ያሉት ኬሚካሎች በኬቢ ቁጥር ተጽፈዋል፤ ኬቢ ማለት አውሮፓውያኑ የሚያዘጋጁት የትንንሽ ሞለኪውሎች መዝገብ ነው። ዩኒፕሮት ደግሞ ኢንዛይሞቹ የሚሠሩትን ሥራ የሚጽፈው በሪያ ቁጥር ነው። ስለዚህ ኬሚካል፣ ሪአክሽን፣ ፕሮቲን እያለ ይያያዛል። ዩኒፕሮት ላይ ዝርዝር ፍለጋውን ክፈቺና የሞለኪውሉን የኬቢ ቁጥር አስገቢ። ያንን ኬሚካል የሚነካ ተብሎ የተመዘገበ ፕሮቲን ካለ ያመጣልሻል። ከኦዳፕ ራሱ ምንም ካልመጣ ተስፋ አትቁረጪ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሰሽ በኦክሳሊል-ኮኤ ፈልጊ።

ሌላ። የመጨረሻውን ኢንዛይም ማንነት ሰዎች ለረጅም ጊዜ ሲያድኑት ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2022 ጆርናል ኦፍ ባዮሎጂካል ኬሚስትሪ ላይ ወጥቷል። ባህድ የሚባለው ትልቅ የተክል አሲልትራንስፈሬዝ (ከአንዱ ሞለኪውል ቁራጭ ወስዶ ሌላው ላይ የሚለጥፍ ኢንዛይም) ቤተሰብ አባል ነው። ወረቀቱን አውጪና መጨረሻው አካባቢ መረጃው የት እንደተቀመጠ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጊ። የመዝገብ ቁጥሩን እንዲህ ካለ ቦታ ነው የምትለቅሚው። ቁጥሩን ካገኘሽ በኋላ የሚቀረው ቀላል ነው።

አሁን ስለ ብላስቱ። «የረባ ነገር አላገኘሁም» ያልሽው ዳታቤዙን ሳትቀይሪ ስለሆነ ይመስለኛል። ገጹ ሲከፈት ራሱ የሚመርጠው ዳታቤዝ ትልቅ ነው ግን ሁሉም ነገር እዚያ ውስጥ የለም። እንደ ጓያ ያለ ብዙ ያልተጠና ተክል ላይ ሰዎች የሚያወጡት መረጃ አብዛኛው ከአርኤንኤ የተገጣጠመ ነው። እሱ የሚቀመጠው ቲኤስኤ በሚባለው ክፍል ነው፤ ያንን ራስሽ ካልመረጥሽ አይፈተሽም። ስለዚህ የፕሮቲን ሲኩዌንስሽን ይዘሽ ቲብላስትኤን የሚለውን ምረጪ፣ ዳታቤዙን ቲኤስኤ አድርጊ፣ ፍጥረቱን ላቲረስ ሳቲቨስ (የጓያ ሳይንሳዊ ስም) ብለሽ ገድቢ። ቲብላስትኤን በአንቺ ፕሮቲን ይነሳና የእነሱን ዲኤንኤ በስድስቱም አነባበብ ወደ ፕሮቲን ገልብጦ ያመሳክራል። በዲኤንኤ ለዲኤንኤ ግን ከአተር ወደ ጓያ አትሂጂ። አንድን አሚኖ አሲድ ብዙ ዓይነት ሦስት ሦስት ፊደል ሊጽፈው ይችላል፣ ሉሲን ብቻውን ስድስት አለው፤ ፕሮቲኑ ሳይለወጥ ዲኤንኤው ተለያይቶ ይጠብቅሻል።

መብራት ስላልሽው፣ ብላስት ሥራውን የሚሠራው እዚያው ነው፣ አንቺ ኮምፒውተር ላይ አይደለም። ስታስገቢ የጥያቄ ቁጥር ይሰጥሻል። ቁጥሯን ወረቀት ላይ ጻፊያት። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በዚያ ቁጥር ውጤቱን ታወጪዋለሽ፤ አንድ ቀን ያህል ያቆዩታል። ሲኩዌንሱ የሚወርድበት ፋስታ ፋይልም ተራ ጽሑፍ ነው፣ አንድ ፕሮቲን አንድ ኪሎባይት እንኳን አይሞላም። በስልክ ዳታ ይወርዳል።


መሐል ሜዳ፦

ጣልቃ ለመግባት ይቅርታ። እኔ የመንዝ በግ ላይ ነኝ፣ የጡንቻን እድገት የሚገታውን የማዮስታቲን ጂን ነው የምፈልገው። እኔም በኬሚካሉ በኩል ልምጣ?


በረኸት 27፦

አይ ወንድሜ፣ አንተ አያስፈልግህም። የአንተ ጂን ስሙ የታወቀ ነው፤ በቀጥታ ኤንሲቢአይ (ጂንባንክን የሚያስተዳድረው ተቋም) ጂን ክፍል ገብተህ የጂኑን ምህጻረ ቃልና የበግን ሳይንሳዊ ስም ኦቪስ አሪስ ብለህ ጻፍ። የሚመጣው ማጣቀሻው ጂኖም ላይ ያለው ነው። የመንዝን ለይተህ ከፈለግህ ግን ኤስአርኤ (ያልተገጣጠመ ጥሬ ሲኩዌንስ የሚቀመጥበት ክፍል) ውስጥ የናሙናውን መግለጫ እያነበብክ ነው የምታገኘው፤ የዝርያውን ስም አንዱ በአንድ ዜድ፣ ሌላው በኤስ ይጽፈዋልና በሁለቱም ሞክር።


ፋርማሲስቷ፦

የእኔ ልጅ፣ ጓደኛሽ ስለ ካስ የነገረሽ እውነት ነው። ግን እንዴት እንደሚሠራ ካልገባሽ ገንዘቡ ቢኖርሽም ታጪዋለሽ። እኔ መድኃኒት ጥራት ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ለሥልጠና ውጭ በቆየሁበት ጊዜ በየቀኑ እጠቀምበት ነበርና ትንሽ ልበል።

ካስ የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር አንድ ክፍል ነው፣ መቀመጫው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ። መዝገቡ ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። ከ200 ሚሊዮን በላይ ንጥረ ነገር ተመዝግቦበታል፤ የፕሮቲንና የዲኤንኤ ሲኩዌንሶቹ ደግሞ ለብቻቸው በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ፕሮቲን ቅደም ተከተሉ እስከ መጨረሻው ከታወቀ እሱም አንድ ኬሚካል ነው። እንደ ጨው፣ እንደ አስፕሪን። ስለዚህ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ኢንሱሊንን ውሰጂ። የሰው ኢንሱሊን 11061-68-0 ነው። የአሳማ ኢንሱሊን 12584-58-6 ነው። ልዩነታቸው አንዲት አሚኖ አሲድ ናት፤ የሁለተኛው ሰንሰለት 30ኛ ቦታ ላይ የሰው ትሪዮኒን፣ የአሳማው አላኒን። በአንዲት ለውጥ ሌላ ንጥረ ነገር ሆነ፣ ሌላ ቁጥር ወጣለት። ግላርጂን የሚባለው፣ በቀን አንዴ የሚወጉት፣ ደግሞ 160337-95-1 ነው፤ አንድ አሚኖ አሲድ ተቀይሮ ሁለት አርጂኒን ስለተጨመረበት። «ኢንሱሊን» ብለሽ ብትፈልጊ ይህ ሁሉ ይጎርፍብሻል፤ በአንዱ ቁጥር ከፈለግሽ ደግሞ ሌሎቹ ይቀሩብሻል። ሁለቱንም እያወቅሽ ነው መፈለግ ያለብሽ።

ሌላም አለ። ዩኒፕሮት ገብተሽ የሰውን ኢንሱሊን ብታወጪ 110 አሚኖ አሲድ ታገኛለሽ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን 51 ብቻ ነው፤ 21 በአንዱ ሰንሰለት፣ 30 በሌላው። ጂኑ የሚጽፈው ረጅሙን ነው። ሴሉ ከፊት 24ቱን ይቆርጣል፣ ሁለቱን ሰንሰለቶች የሚሆኑትን ክፍሎች በድኝ ድልድይ ያያይዛል፣ ከዚያ መሐሉን ይቆርጥና ይጥላል። እንግዲህ 110ሩን ገልብጠሽ ካስ ውስጥ «ልክ ይህንኑ» ብለሽ ብትፈልጊ መድኃኒቱ አይመጣልሽም። ቅድመ ኢንሱሊኑን ነው የጠየቅሽው። በተቃራኒው ባለ 30ውን ብቻ ይዘሽ «በውስጡ ይህ ያለበት ሁሉ» ብለሽ ብትፈልጊ ሁለቱም ይመጣሉ። ልክ ራሱን መፈለግና በውስጡ ያለበትን መፈለግ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፤ ፍለጋውን ከመጫንሽ በፊት የትኛውን እንደምትፈልጊ ወስኚ። የአንቺም ኢንዛይም ቢሆን ሰው ባክቴሪያ ውስጥ ሲያሠራው ለማጣራት እንዲመቸው ጫፉ ላይ ስድስት ሂስቲዲን ይለጥፍበታል። ያ ስድስት ሂስቲዲን ከነበረበት የተመዘገበው ሌላ ንጥረ ነገር ሆኖ ነው።

ስሙን በተመለከተ፣ ካስ ውስጥ ካሉት ሲኩዌንሶች በጣም ብዙዎቹ ከፓተንት የመጡ ናቸው። ፓተንት ላይ ደግሞ ጠበቃው «ሲኩዌንስ ቁጥር 14» ብሎ ነው የሚጽፈው፤ የተክሉም የኢንዛይሙም ስም አጠገቡ ላይኖር ይችላል። በስም ብትፈልጊ አታገኚውም። ሲኩዌንሱን ራሱን ማስገባት አለብሽ። ይህ ለአንቺ ሳይከፈልም የሚቻል ነው፤ ጂንባንክ ራሱ የፓተንት ክፍል አለው፣ ብላስት ላይም የፓተንት ፕሮቲኖች የሚል ዳታቤዝ አለ። እሱን መርጠሽ ፈትሺ። ዘ ሌንስ የሚባል ነፃ የፓተንት መፈለጊያም አለ፤ በሲኩዌንስ ይፈልጋል። ሰው ጓያ ላይ ምን መብት እንደያዘ ማወቅ ለእኛ ለባለ አገሮቹ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን የምልሽ ከልቤ ነው።

ቁጥር ብቻ ማረጋገጥ ከፈለግሽ ካስ ኮመን ኬሚስትሪ የሚባለውን ነፃ ገጽ ተጠቀሚ። ግማሽ ሚሊዮን ያህል የተለመዱ ንጥረ ነገሮች አሉበት። ለትንንሽ ሞለኪውሎችና ለታወቁ መድኃኒቶች ይበቃል፤ ሲኩዌንስ ለመፈለግ ግን አልተሠራም።


የጂሩ ልጅ፦

እትዬ ፋርማሲስት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የ110ሩና የ51ዱ ነገር አሁን ገና ነው የገባኝ። ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፣ ከፍለጋ ጋር ግን አያይዤው አላውቅም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ የካስ ቁጥር ሰው ሲገለብጥ ቢሳሳት እንዴት ይታወቃል? የመምህሬ ስላይድና አንድ ወረቀት ላይ የኦዳፕ ቁጥር ተለያይቶብኛል።


ፋርማሲስቷ፦

የመጨረሻዋ አሃዝ ማረጋገጫ ናት። በእጅ ትሠሪዋለሽ። ለኦዳፕ እኔ የማውቀው 5302-45-4 ነው። የመጨረሻዋን 4 ወደ ጎን አድርጊያት። ከቀኝ ወደ ግራ ሂጂ፤ 5ን በ1፣ 4ን በ2፣ 2ን በ3፣ 0ን በ4፣ 3ን በ5፣ 5ን በ6 አባዢ። 5፣ 8፣ 6፣ 0፣ 15፣ 30። ድምሩ 64። የድምሩ የመጨረሻ አሃዝ 4 ነው፣ ወደ ጎን ካደረግሻት ጋር ገጠመ። ካልገጠመ አንድ ቦታ ተሳስቷል ማለት ነው። የገጠመ ሁሉ ግን ትክክለኛው ንጥረ ነገር ነው ማለት አይደለም፤ በትክክል የተጻፈ የሌላ ንጥረ ነገር ቁጥር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ቁጥሮች ፈትሺና የሚያልፈውን ደግሞ ሥዕሉን ክፈቺበት።


መረሬ፦

እኔ የሰብል ሰው ነኝ፤ ከሞረትና ጅሩ እስከ እንሳሮ ጓያ ያልረገጥኩበት ማሳ የለም። ኬሚካሉ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ከተሳሳትሽ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይበላሻል።

ኦዳፕ ሁለት ነው። ቤታና አልፋ። ፎርሙላቸው አንድ ነው፤ 5 ካርቦን፣ 8 ሃይድሮጅን፣ 2 ናይትሮጅን፣ 5 ኦክስጅን። ክብደታቸውም አንድ ነው፣ 176 ከምናምን። ልዩነቱ ኦክሳሊሉ የተለጠፈው የትኛው ናይትሮጅን ላይ ነው የሚለው ነው። ነርቭ የሚጎዳው በዋናነት ቤታው ነው። ሲሞቅ ደግሞ ከቤታው የተወሰነው ወደ አልፋ ይገለበጣል። በፎርሙላ ወይም በክብደት ፍለጋ ብታደርጊ ሁለቱም ተደባልቀው ይመጡልሻል። ፐብኬም ላይ «ኢንቺኪ» የሚባለውን ረጅም ኮድ ተመልከቺ፤ ሰረዙን ጨምሮ 27 ፊደል ነው። የመጀመሪያዎቹ 14 ፊደላት አጥንቱን ነው የሚናገሩት፤ አልፋና ቤታ እዚያ ላይ ይለያሉ። ግራና ቀኝ መልኩ፣ ማለት ኤልና ዲ የሚባለው፣ በሁለተኛው ክፍል ነው። ሁለት ገጽ ከፍተሽ 14ቱ አንድ ሆነው ቀጣዩ ከተለየ፣ አጥንቱ ያው ሆኖ መልኩ የተገለበጠ ወይም መልኩ ያልተጻፈ ሊሆን ይችላል።

ስሞቹ ደግሞ ብዙ ናቸው። የድሮ ወረቀቶች ቢኦኤኤ ይሉታል። ቻይናውያኑ ዴንሲቺን ይሉታል። ይህ ሁሌ ይገርመኛል፤ እነሱ ጋ ያው ሞለኪውል ከጂንሰንግ ዘመድ ሥር ይወጣል፣ ደም ለማቆም ይጠቅማል ተብሎ ነው የሚጠናው። እኛ ጋ ሰው በምርኩዝ ያስሄዳል። ቁጥሩ አንድ ነው። «ኦዳፕ» ብለሽ ብቻ ብትፈልጊ የዴንሲቺኑን ጽሑፍ በሙሉ ታጪዋለሽ፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ሞለኪውሉን በሌላ ተክል የሚሠራው ምን እንደሆነ የሚጠይቁ አሉ። በቁጥሩ ፈልጊ።

ከሲኩዌንሱ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ናሙናሽን ከየትኛው ዝርያ እንደምትወስጂ አስቀድመሽ ወስኚ። ዋሴ የሚባለው መርዙ ዝቅ ያለ ዝርያ አለ። እሱንና የአባትሽን የአገር ዘር ጎን ለጎን ብትይዢ ጥሩ ነው። ግን መርዙ ዝቅ ማለቱ የዚያ አንድ ጂን ለውጥ ነው ብለሽ አትነሺ። መርዙ በአፈርም በድርቅም ይለዋወጣል፤ በአንድ ማሳ ዝቅ ያለው በሌላው ከፍ ሊል ይችላል። ጂን ከማየትሽ በፊት ሁለቱን አንድ ማሳ ላይ ዝሪያቸው።


በረኸት 27፦

ጋሼ መረሬ እንዳሉት ነው። እኔ ደግሞ ስለ ባህድ ቤተሰብ አንድ ማስጠንቀቂያ ረስቼ ነበር።

ብላስቱን ስታደርጊ ብዙ ነገር ይመጣልሻል። አትደሰቺ ወዲያው። ይህ ቤተሰብ ተክል ውስጥ በጣም ሰፊ ነው፣ አንድ ተክል ብቻውን በደርዘን የሚቆጠሩ አሉት፣ ሽታውን ቀለሙን የሚሠሩ። ርዝመታቸው ተቀራራቢ ነው፣ 450 አሚኖ አሲድ አካባቢ። ሁሉም የሚጋሩት ምልክት አላቸው፤ አንዱ ሂስቲዲን፣ ከዚያ ምንም ይሁን ሦስት አሚኖ አሲድ፣ ከዚያ አስፓርቲክ አሲድ። ሌላው ወደ ጫፉ ላይ ነው፤ አስፓርቲክ አሲድ፣ ፌኒላላኒን፣ ግላይሲን፣ ትሪፕቶፋን፣ ግላይሲን። እነዚህ ሁለቱ መኖራቸው «የቤተሰቡ አባል ነው» ይልሻል እንጂ «ኦዳፕን የሚሠራው ይህ ነው» አይልሽም። ከሌሉ ግን ወይ የተቆረጠ ነው ወይ ሌላ ነገር ነው፣ ጣይው።

ገጹ ላይ የሚጻፈውን ስምም እንደ ማስረጃ አትቁጠሪው። ዩኒፕሮት ውስጥ ሁለት ክፍል አለ፤ ስዊስ-ፕሮት የሚባለው ሰው ቁጭ ብሎ አንብቦ ያረጋገጠው ነው፣ ትሬምብል የሚባለው ኮምፒውተር ራሱ ስም የሰጠው ነው። የትሬምብሉ ስም ብዙ ጊዜ የቅርብ ዘመዱ ስም ነው። የጎረቤትን ልጅ በመልኩ ብቻ የእከሌ ልጅ ነህ እንደማለት ነው፤ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ስለዚህ በ2022ቱ ወረቀት በቤተ ሙከራ የተረጋገጠውን ሲኩዌንስ እንደ መነሻ ያዢ፣ የቀሩትን ከእሱ ጋር እያመሳከርሽ የዝምድና ዛፍ ሥሪ፣ የአንቺ የትኛው ቅርንጫፍ ላይ እንደወደቀ ተመልከቺ። ለንጽጽር ኦዳፕ የማይሠሩትን የአተርና የሽምብራን አባላትም ጨምሪ፤ ካልጨመርሽ ሁሉም ዘመድ ይመስሉሻል።

የጂኑ ሲኩዌንስ ስትይም የትኛው እንደሆነ ለይተሽ ጻፊ። ከአርኤንኤ የተገለበጠው ኢንትሮን (አርኤንኤው ሲዘጋጅ ተቆርጦ የሚወጣው ክፍል) የለውም። ከጂኖሙ ያለው ሊኖረው ይችላል። የጓያ ጂኖም ደግሞ ግዙፍ ነው፣ ከ6 ቢሊዮን ፊደል ይበልጣል፣ ከሰው ሁለት እጥፍ፤ ኮምፒውተርሽ ላይ በሙሉ ላውርደው እንዳትይ። የምትፈልጊውን ቁራጭ ብቻ በመዝገብ ቁጥሩ አውርጂ።


የጂሩ ልጅ፦

ተመልሻለሁ። ትናንት ማታ ኔት ጥሩ ስለነበር እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተቀምጬ ሠራሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩን። የወረቀቱ 64 መጥቶ ገጠመ፣ የስላይዱ አልገጠመም፤ አንድ አሃዝ ተገልብጧል። ለመምህሬ በአክብሮት እነግራቸዋለሁ። ቀጥሎ በቁጥሩ ፈልጌ የዴንሲቺኑን ጽሑፎች አገኘሁ፤ ጋሼ መረሬ ባይነግሩኝ ኖሮ ያንን በር አላንኳኳም ነበር። የሁለቱን ኢንቺኪም ጎን ለጎን ጽፌ ደብተሬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ለካ እስከ ዛሬ ያስቀመጥኩት ሥዕል የአልፋው ነበር።

ከዚያ ቲብላስትኤን በቲኤስኤ ላይ አደረግሁ። በረኸት፣ ልክ ነህ፣ መጣ። ብዙ ነው የመጣው። ሁለቱን ምልክቶች እያየሁ ጫፋቸው የተቆረጡትን ጣልኩ። የቀሩትን ከወረቀቱ ሲኩዌንስ ጋር አሰልፌአቸዋለሁ፤ አንዱ ከሁሉም በላይ ይጠጋል፣ ሌሎቹ በግልጽ ይርቃሉ። ዛፉን ገና አልሠራሁም። የሽምብራና የአተር ፕሮቲኖችን እያወረድኩ ነው።

ፓተንቱንም ሞከርኩ እትዬ። የፓተንት ፕሮቲኖች ላይ ሳደርገው የቤተሰቡ አባላት ከሌሎች ተክሎች መጡ፤ ስማቸው እርስዎ እንዳሉት ቁጥር ብቻ ነው። ከመካከላቸው የእኔን የሚመስል እንዳለ አንድ በአንድ እያየሁ ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር፤ ጽሑፌ ላይ እነዚህን ስጠቅስ ምን ምን ነው የምጽፈው?


በረኸት 27፦

ለኬሚካሉ የካስ ቁጥሩንና ኢንቺኪውን። ለሲኩዌንሱ የመዝገብ ቁጥሩን ከነ ነጥቡ፤ መጨረሻው ላይ ነጥብ 1 ወይም ነጥብ 2 የሚለው ስሪቱ ነው። ሲኩዌንሱ ሲታረም ዋናው ቁጥር ሳይለወጥ ነጥቡ ብቻ ነው የሚለወጠው፤ ነጥቡን ካልጻፍሽ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያነብሽ ሰው አንቺ ያየሽውን ሳይሆን ሌላውን ያያል። የፈለግሽበትን ቀንና የመረጥሽውን ዳታቤዝ ስምም ጻፊ፣ ቲኤስኤ እንደሆነ። ብላስት ላይ የመጣው ነገር ዳታቤዙ በየቀኑ ስለሚያድግ ነገ ሊለያይ ይችላል።


መረሬ፦

የእኔ ልጅ፣ ጥሩ ሄደሻል። የዘሩን ነገር አትዘንጊ። ዘንድሮ መስከረም ላይ ካልዘራሽው ዓመት ነው የምትጠብቂው። ዋሴውን ከማገኝበት ሰው ጋር አገናኝሻለሁ፤ አንቺ የአባትሽን ዘር ለብቻው በከረጢት አስቀምጪ፣ ከየትኛው ማሳ እንደተወሰደም ላዩ ላይ ጻፊበት።


የጂሩ ልጅ፦

እሺ ጋሼ። አባቴ ጋ ዛሬ ደውዬ ነበር። ሁለት ጣሳ ለይቶ አስቀምጦልኛል፣ ከወንዝ ዳር ማሳው ነው አለኝ። ቅዳሜ ሄጄ አመጣዋለሁ።